የዋንዲ አግዳሚ ወንበር

«ያን ብሩሽ ያስቀምጡት!» እያልኩ ከገዳሙ በር ጀምሬ እጮሃለሁ። የገዳሙ ኮሚቴ አባል እትዬ ኡቦን ቀና ብላ እንኳ አታየኝም። ቁጢጥ ብላ፣ አፏን አሞጥሙጣ፣ እኛ ያሠራነውን የሲሚንቶ ወንበር ነጭ ቀለም ትቀባዋለች።

ወንበሩ የዋንዲ ነው። በደሴታችን፣ በቡድሂስት ልማድ፣ ሰው ሲሞት ወዳጅ ዘመድ ለገዳሙ አግዳሚ ወንበር ያሠራል፤ መደገፊያው ላይ የሟቹና የሰጪው ስም ይጻፋል፤ ሰው አረፍ ባለበት ቁጥር ጽድቁ ለሟቹ ይደርሳል። «ለዋንዲ ነፍስ» ይላል ከላይ። ከሥሩ ደግሞ «ከቀይ ሸርጣን ቡና ቤት እህቶቿ» ይል ነበር። አሁን ከሥሩ ነጭ ብቻ ነው።

«ምን በደልንዎት እትዬ?»

«እኔን ምን ትበድሉኛላችሁ? ኮሚቴው ነው የወሰነው። እዚህ ልጅ ይመጣል፣ ትልቅ ሰው ይቀመጣል። የሴተኛ አዳሪ ቤት ማስታወቂያ በገዳም ግቢ አይሆንም። የሟቿን ስም አልነካሁም፤ ለሱ አመስግኚ።»

አመስግኚ! ደሜ ይፈላል።

«የጸሎት አዳራሹ ጣሪያ ሲያፈስ ኮሚቴው የት ነበር? ቆርቆሮውን ማን ገዛው? በራችን ላይ ቆማችሁ ‹እህቶቼ፣ እህቶቼ› ስትሉ ቡና ቤቱ አልሸተታችሁም!»

«ቆርቆሮ ላይ ስም አይጻፍም» ትላለች፣ ብሩሹን እየነከረች።

«ባልሽስ?» አንቺ ማለቴን ራሴም ሰማሁት፤ የራሷ ጉዳይ። «ባልሽ ማታ ማታ ፈረንጁን በታክሲው እየጫነ እኛ በር ላይ የሚያራግፈው ለጸሎት ነው?»

ፊቷ ደም ይለብሳል። ብሩሹ ግን አይቆምም።

አብራኝ የምትሠራው ናም ክንዴን ትይዘኛለች። ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ባለፈው ክረምት ነው ወደኛ የመጣችው፤ ሰው ሲጣላ አትወድም። ዛሬ በዓል ስለሆነ በደሴቱ መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው፤ ሁላችንም ኩልና ቀለማችንን አጥበን፣ ነጭ ለብሰን ነው የመጣነው።

«ተያት ላምዱዋን» ትለኛለች በጆሮዬ። «እንዲያውም ገላገለችን። እማማ አሁን ይወጣሉ።»

እማማ የዋንዲ እናት ናቸው። ለመታሰቢያዋ ከሰሜን ሌሊቱን በአውቶቡስ፣ ጠዋት በመርከብ መጡ። በዚያ ጉልበታቸው ይመጣሉ ብሎ ማን ገመተ? ዋንዲ «ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ» ነበር የምትላቸው፤ እኛንም እንዳንናገር አስምላናለች። ስለዚህ ጠዋት ተማከርን፦ እማማ ሲወጡ ወንበሩ ላይ ተደርድረን ቁጭ እንልና ጽሑፉን በጀርባችን እንሸፍነዋለን። እኔ ልሸፍነው ነው የመጣሁት። መሸፈን ሌላ፣ መደምሰስ ሌላ! ይቺ ደግሞ ማን ናትና?

ልናገራት አፌን ስከፍት እማማ ከአዳራሹ ይወጣሉ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው እስከ ወንበሩ ይመጣሉ። በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ።

«ለዋን... ዲ... ነፍስ።» ፈገግ ይላሉ። ጣታቸው ወደ ታች ይወርዳል፤ ነጩ ቀለም ይጣበቅባቸዋል። «ማን አሠራላት?»

ናም ዓይኗን ወደኔ ትወረውራለች።

«የዚህኛው ልጆቹ፣ ምራቶቹ፣ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ተጽፈዋል» ይላሉ የጎኑን ወንበር እያዩ። «የኔ ልጅ ሰው አልነበራትም? ብቻዋን ነው የሞተችው?»

ናም ፊቷን ትሸፍናለች። ኡቦን በማር ምላስ «እድሳት ላይ ነን እማማ» ትላለች።

በቃ! ከዚህ በላይ አልችልም።

«ነበራት እማማ! የኛ ስም ነበረበት፤ ይቺ ሴትዮ ናት የደመሰሰችው። ‹ቀይ ሸርጣን ቡና ቤት› ይላል። የምንሠራው ሆቴል አይደለም። ማታ ማታ ለወንድ እንጨፍራለን፤ የፈለገን ይዞን ይሄዳል። ዋንዲም እንደዚያው። አንሶላ አጥባ አታውቅም። እንዳልነግርዎት ምዬላት ነበር፤ ይቅር ትበለኝ!»

በጥፊ ቢያጮሉኝ አይገርመኝም። እማማ ግን ጣታቸው ላይ የቀረውን ቀለም ያያሉ። ብዙ ያዩታል።

«ስትታመም ማን አስታመማት?»

«እኛ።»

«ገላዋንስ ማን አጠበው?»

«ናም አጠበቻት። እኔ አለበስኳት።»

ወደ ኡቦን ይዞራሉ። ያ የጎበጠ ወገባቸው ቀና ይላል።

«አንቺስ ነበርሽ?»

«እኔማ... ኮሚቴው...»

«ነበርሽ ወይ አልኩሽ!»

ኡቦን ብሩሹን መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች።

እማማ ጫማቸውን ይጥላሉ። ለዛሬ ብለው የለበሱትን፣ በእጃቸው የሸመኑትን የሐር ሽርጥ ጫፉን ይሰበስቡና ወንበሩ ፊት ይንበረከካሉ።

«ኧረ ልብስዎ!» ትላለች ኡቦን።

አይሰሟትም። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ከቀኝ ጫፍ ጀምረው ይፈገፍጉታል። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ ይለቃል። መጀመሪያ «እህቶቿ» የሚለው ብቅ ይላል። ናም እጃቸውን ትይዛለች። «ይበቃል እማማ፣ እሱ ይበቃናል» ትላቸዋለች እያለቀሰች።

እማማ እጇን ገፍተው ሽርጣቸውን ወደ ንጹሕ ጎኑ ይገለብጡትና «ቡና ቤት» ወደሚለው ያልፋሉ።