ከጉዳይ በፊት

የሰሊጡን ናሙና ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሽማግሌው ነጋዴ ዶን ኤፍራይን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ሰሊጡን የናቁባት መሰላት። ንግድ ለመማር ከመተማ ተነስታ ሜክሲኮ፣ ጓዳላሃራ ድረስ የመጣች ተማሪ ናት፤ ዕለቱም የመጀመሪያ የሥራ ልምምድ ቀኗ ነበርና አንገቷን ደፋች።

«ሰሊጡ የትም አይሄድም፣ ልጄ» አሏት እየሳቁ። «እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ታማ ነበር። ተሽሏታል ብሎኛል ወንድሜ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እኛ አገር ስለ ቤተሰብ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ አይገባም። ጉዳዩ በከበደ ቁጥር ደግሞ ሰላምታው ይረዝማል።»

«እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው» አለች ቀና ብላ። «ወንድሜ ብቻ ነው ሰላምታ የማያውቀው። ሲደውል ‹ጫማዬን መቼ ነው የምትልኪው?› ብሎ ነው የሚጀምረው።»

ሁለቱም ሳቁ።

ማታ ወንድሟ ደወለ።

«እንዴት ነሽ እህቴ? ጤናሽስ? ትምህርቱ እንዴት ነው? እህል ቀመስሽ? አጠገብሽ ሰው አለ?»

ስለ ጫማው አላነሳም።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ደህና ነኝ» አለችው። «አክስቴ እንዴት ናት? እትዬ የሺሐረግስ? የጎረቤቶቻችን ልጆችስ? ላሟ ወለደች?»

«ደህና ናት... ደህና ናቸው... አዎ፣ ወልዳለች» አላት ወንድሟ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

እሷም መንደሩን ቤት ለቤት እየዞረች ጠየቀችው። ከእናቷ በቀር የምትጠይቀው ሰው ሲያልቅባት እንደገና ከአክስቷ ጀመረች።