ስምንት ሰከንድ

«ስምንት ሰከንድ እንደ ሐውልት ቁም፣ ወንድም ጋሼ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አፍህን ዝጋ» አለችው። ከዓመታት በፊት የተዘጋው የፋብሪካ አዳራሽ ጨለማ ስለነበረ ካሜራው ብርሃን የሚለቅመው ቀስ ብሎ ነው። ፎቶ አንሺው ወንድሟ ደግሞ ካሜራውን ለእሷ ትቶ፣ የአዳራሹ ግዝፈት እንዲታይ ብሎ መሀሉ ላይ ተገትሯል።

«ደበዘዘብኝ» አለች ምስሉን አይታ።

«እጅሽ እኮ ዝናብ የመታት ጫጩት ነው።»

«ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሞ፣ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ?» ልታሳፍረው ምስሉን ካሜራው ላይ አጉልታ አየችው። የጫማው ክር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። የወለሉ ስንጥቅም እንደዚያው። የደበዘዘው ከአናቱ በላይ ያለው የጣሪያው ወራጅ እንጨት ብቻ ነበር። በስምንቱ ሰከንድ ውስጥ የተነቃነቀው ወራጁ ነው።

ብትጮህ እዚያው ቆሞ ሽቅብ እንደሚያንጋጥጥ ታውቃለች። «ወንድም ጋሼ» አለች በቀስታ፣ «ና እስቲ፣ ፎቶው ላይ ቦርጭ አውጥተሃል።»

«የምን ቦርጭ?» ሆዱን እየዳበሰ መጣ።

ክንዱን እንደያዘች ወራጁ እሱ ቆሞበት የነበረውን ወለል ዷ አድርጎ መታው። አቧራው ሲገፈፍ ወንድሟ እጇን አየ፤ እንደ ጫጩት ይንቀጠቀጣል። አልቀለደም። በሁለት መዳፎቹ አቅፎ ያዘው።