የአሮጊት ዶሮ በቆሎ

ታናሽ እህታችሁ በሰው ፊት ቆማ፣ ዕድሜ ልካችሁን ያስተማራችሁትን ስትንድ ብታዩ፣ እናንተ ብትሆኑ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትቀመጡ ነበር? ብላችሁ ብላችሁስ ታጨበጭቡላት ነበር? እንግዲያው በአርዲስ አትፍረዱ።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በዶሮ አርቢዎች ስብሰባ ይህ ወንበር የእሷ ነው፤ ከዚያ ተነሥታ ትናገራለች፣ ሌላው ይሰማል። ዛሬ ግን ጠረጴዛው አጠገብ የቆመችው ታናሽ እህቷ ሎሪን ናት፣ አንዲት ቡናማ አሮጊት ዶሮ በብብቷ ሸጉጣ። ውጭ በረዶው መስኮቱን እስከ ግማሹ ውጦታል።

በዚህ የሚኒሶታ ጥግ ዶሮ የሚያረባ ሁሉ የሚላት አንዲት ቃል አለች። ዶሮዎቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በቆሏቸውን ይቀንስና «አርዲስ አደረግኋቸው» ይላል። ያረጀች ዶሮ የምትጥለው ያንሳል፣ የምትበላው ግን አያንስም፤ ትርፉ ጮማ ሆኖ ጉበቷን ያፍነዋል፤ ስለዚህ ቀንሱባት። አርዲስ ይህን ያለችው ገና በወጣትነቷ ነው። ልጅ አልወለደችም፣ በስሟ የተጠራ መንገድ የለም። ያላት ይህች ቃል ናት።

«አርዲስ ከማድረጋችሁ በፊት» አለች ሎሪን፣ «ጀርባዋን ግለጡ።»

ክንፏን ወደ ጎን ስትይዘው የዶሮዋ ጀርባ ወለል ብሎ ታየ። ላባ የለበትም፤ ቀይ ቆዳ ነው።

«እዩዋት፣ እርቃኗን ናት። አውራው ሲወጣባት፣ ጓደኞቿ ሲነጯት ላባዋ አለቀ። ይቺ ሴትዮ የምትበላው ለመስባት መሰላችሁ? እንዳይበርዳት ነው። ካፖርት የሌላትን ሴትዮ እራቷንም ትቀሟታላችሁ?»

«ሚስቴም ብርድ ነው እያለች ኬኩን ጨረሰችው!» አለ ቨርን ከኋላ፣ ከስብሰባው ሁሉ ቀልደኛው።

«እሷን የበረዳት አንተን ስላገባች ነው!» አለችው አንዷ፣ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ።

አርዲስ አልሳቀችም። እሷ ስትናገር ሰው ፀጥ ይል ነበር እንጂ እንዲህ አይስቅም። ለካ ሰው እየሳቀም ይማራል! ይህ ይበልጥ አንገበገባት።

«ላባዋ ሙሉ ሆኖ የሰባች ከሆነችስ?» ሲል ጠየቀ ሰብሳቢው ሃርላን።

«እሷንማ ቀንሱባት። ዕድሜዋን ሳይሆን ላባዋንና ሆዷን እዩ።»

«በቃ፣ ከእንግዲህ ዶሮዎቻችንን ሎሪን እናደርጋቸዋለን በሉኛ!» አለ ቨርን።

አርዲስ ብድግ አለች። «አምጫት እዚህ።»

«ቀስ በይ እትዬ፣ ትደነግጥብሻለች።»

«ዶሮ አያያዝ ለኔ? አንቺ ዶሮ መያዝ የለመድሽው ከማን ጉያ ነው?»

ሳቁ ቆመ። የአርዲስን እጅ የማያውቅ የለም። መጣል ያቆመች ዶሮ፣ ከጅራቷ ሥር ያሉት ሁለት ሹል አጥንቶች ይገጥማሉ፤ የምትጥል ከሆነች ይከፈታሉ። አርዲስ ዶሮዋን ተቀብላ እጇን ስትሰድ አጥንቶቹ ገጥመው እንዲጠብቋት ለመነች። በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቆማ፣ የእህቷ ዶሮ መካን እንድትሆን ለመነች።

ሦስት ጣቷ በአጥንቶቹ መካከል ያለ ችግር ገባ። ሆዷ ለስላሳ ነው፤ የጮማ ጓል የለበትም። ከውስጥ ደግሞ ክብ ጠጣር ነገር ነካት፤ የነገ ዕንቁላል።

«እህሳ፣ ምን ትያለሽ አርዲስ?» አለ ሃርላን።

«መጣል ትታለች» ብትል ይበቃል። ከእሷ ቀጥሎ እጁን ሰዶ የሚያጣራ ሰው በዚያ ቤት የለም። ቃሉ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ትጥላለች» አለች። «ነገ ጠዋት። ጮማም የለባትም።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሎሪን ፊቷ ቀልቶ ወደ ሃርላን ዞረች፦ «እርግጠኛ ሳልሆን ላወራው አልፈለግሁም እንጂ፣ አምናም ካቻምናም በበረዶው ሞክሬዋለሁ።»

አምና።

የአርዲስ እጅ ዶሮዋ ላይ እንዳለ ቀረ። የእህትማማቾቹን የዶሮ ቤት የሚለየው አንድ የሽቦ አጥር ነው። አምና የአርዲስ አሮጊቶች መጣል ሲያቆሙ፣ ሰብተው ነው ብላ የቀረችውንም በቆሎ ቀነሰችባቸው። እጇን ሰዳ አላየችም፤ የራሷን ቃል ምን ብላ ትፈትን! ከዚያ በየማለዳው ከቆጡ ሥር ሞቶ የደረቀ ዶሮ ማንሣት ሆነ፤ ክብደት የለው፣ የደረቱ አጥንት እንደ ቢላ የሾለ፣ ጀርባው ራቁቱን። ሎሪን በአጥሩ ማዶ በቆሎ የሞላ ባልዲ ይዛ «እንዴት አደርሽ እትዬ» ትላት ነበር።

«ስጪኝ፣ ወደ ቅርጫቷ ልመልሳት» አለች ሎሪን እጇን ዘርግታ።

አርዲስ አልሰጠችም። ላባ የሌለው የዶሮዋ ጀርባ መዳፏን ያሞቃል።

«አጨብጭባችሁ ጨረሳችሁ?» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። ከዚያ ወደ እህቷ፦ «አምና የሞቱትን በባልዲ ተሸክሜ ስወጣ በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ። ባልዲው ውስጥ አይተሻል። ጀርባቸውን አይተሻል። ታውቂ ነበር።»

«እትዬ፣ እባክሽ፣ ቤት ሄደን...»

«ቤት የለም! ያስተማርሽው እዚህ ነው፣ የተጨበጨበልሽም እዚህ ነው። ለምን ዝም አልሽኝ ሎሪን? እዚሁ፣ በሰው ፊት መልሺልኝ።»