ሁለተኛው ጉርሻ

ሽማግሌው አልጋ ከያዙ ወዲህ ምን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው የለም። የምታስታምማቸው ልጃቸው ጥሩወርቅ ጠዋት ማታ ጨው የሌለው ሾርባ ትግታቸዋለች። መስኮቱን ክፈቺልኝ ሲሏት ብርድ ይመታሃል ትላለች። ቁርጥ አማረኝ ሲሉማ ትቆጣለች።

"ተው እንጂ አባዬ! ሐኪሙ ምን አለ?"

ትናንት ሆስፒታል ወስዳቸው ነበር። ዛሬ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንድሟ ከሥራ ቀርቶ ቁርጥና አዋዜ ይዞ መጥቷል። ጥሩወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "አባዬ፣ ሌላስ ምን ያምርሃል? ዛሬ አንተ ያልከው ይሆናል" እያለች አጎረሰቻቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት። ፊታቸው በራ። ሁለተኛው ጉርሻ አፋቸው ሳይደርስ ግን የልጃቸውን እጅ ያዙ።

"እናታችሁ ታማ ጠጅ ስትለምነኝ ስከለክላት ከርሜ የገዛሁላት" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ 'ከእንግዲህ ያማራቸውን ይስጧቸው' ያለኝ ቀን ነው።"

ወንድሟ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ጥሩዬ፣ ሐኪሙ ምን አለ?"

ጥሩወርቅ እጇን አስለቅቃ፣ ጉርሻውን እንደገና አዋዜው ውስጥ ነከረችው።