የኢሚና የድንጋይ ክምር

ፓኒክፓ ባሏን ይዛ ተራራው ጫፍ ልትወጣ የቆረጠችው፣ ቃውናቅ የመንደሩ ሱቅ በር ላይ በሰው ፊት ስለሳቀባት ነው።

ኢሚና በጎረምሳነቱ ብቻዬን ጫፉ ላይ ወጥቼ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ድንጋይ ከምሬያለሁ ይል ነበር። ያየለት ሰው የለም። ተራራው ባለበት፣ ከመንደሩ በስተሰሜን ያለው በረዶ ብቻ ነው፤ የሚታደን ነገር በሌለበት ጤነኛ ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል? ፓኒክፓ ግን ለዚህ ወሬ አርባ ዓመት ስትሟገት ከጎረቤት ተቀያይማለች፣ ከእህቷም ተኳርፋለች።

“ውሸት ከሆነ እዚያው ጫፉ ላይ እፈርድበታለሁ” አለች።

ፀሐይ የማትጠልቅበት ወር ስለነበር ሰዓት መምረጥ አላስፈለገም። አማቷ ናቫሉክ ልጇን እንዳይበርደው ደጋግማ ጠቀለለችው።

“ምራቴ፣ ተናደሽ ገደል እንዳትጥዪብኝ።”

“እንደ ጠባዩ ነው” አለች ፓኒክፓ።

ቃውናቅ በበረዶ ሞተሩ ተራራው ሥር አደረሳቸው። ኢሚና መንገዱን ሁሉ ተኛ። ዳገቱ ሲጀምርም ሸክሙ በሙሉ በፓኒክፓ ጀርባ ላይ ሆነ፤ በዚህ ትዳር አዲስ ነገር አልነበረም። ቃውናቅ ከኋላ እየተከተለ፣ ወዳጄ ኢሚና እስቲ የወጣህበትን መንገድ ምራን እያለ ያላግጣል። ኢሚና አንድ ጊዜ ብቻ ሲነጫነጭ ፓኒክፓ ቆም አለችና፣ ጥርስ ስለሌለው የአጋዘን ጮማ አላምጣ አጎረሰችው።

ጫፉ ላይ ነፋስ ብቻ ነበር። ፓኒክፓ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ በረዶውን በእግሯ ጫረች። የተከመረ ድንጋይ የለም። ቃውናቅ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

“አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት አስዋሸኸኝ” አለችው ባሏን።

ኢሚና የባሕሩን በረዶ አሻግሮ ያያል። ሱሪውን አርጥቧል።

“አሁንም እኮ አያፍርም።”

ወደ ጠርዙ ወስዳ አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳች።

“ኧረ ተይ ፓኒክፓ” አለ ቃውናቅ። “በቃ፣ እኔም ሁለተኛ አላነሳው።”

አልሰማችውም። ድንጋዩን ባሏ ፊት ዘረጋችው።

“በል ከምር። ሳትከምር አንወርድም።”

ኢሚና ድንጋዩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ላሰው፤ የሟች ባሏን ስም ይዞ፣ በመንደሩ ልማድም ራሱ ባሏ ሆኖ ከተወለደ ገና ስምንት ወሩ ነበር።