ከኑዛዜው በፊት

ነርሷ በልጅነቷ የሰማችው ወሬ ነበር፤ ግማሹ ጠፍቷታል። እናቷ የቁምስናው ልብስ አጣቢ ስለነበረች፣ ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ስትጫወት የፖሊስ አዛዡ የቁምስናውን ካህን አባን ሲለማመጣቸው ሰማች። የቤተ ክርስቲያኑ ጽዋ ተሰርቋል፤ ሌባው ለአባ ተናዝዟል እየተባለ ይወራል። "ስሙን ብቻ ሹክ ይበሉኝ፣ ሌላው የኔ ሥራ ነው" ይላል አዛዡ። አባ ምን እንደመለሱለት ዛሬ ትዝ አይላትም። ትዝ የሚላት ሰውዬው ሳይሰናበት መሄዱ፣ ጽዋውም በዚያው ቀልጦ መቅረቱ ነው።

አሁን አባ የሽምቅ ተዋጊዎች አዛዥ ናቸው። ወታደር መንደሩን ባቃጠለ ቁጥር ምዕመናቸውን ቀብረው ቀብረው ሲመርራቸው ጫካ ገቡ። ጳጳሱ ከክህነት ሥራ አገዷቸው፤ የመንግሥት ሬዲዮ "አባ መትረየስ" አላቸው፤ ተዋጊዎቹ ስሙን ወደዱትና በዚያው ጸና።

በተዘጋው ትምህርት ቤት፣ ከተገጣጠሙ ዴስኮች ላይ፣ ጠዋት የተማረከው ሃምሳ አለቃ ተኝቷል። ጥይቱ ሆዱን ነው ያገኘው። እንደማይተርፍ ነርሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ወንድሟን ይዞ የሄደው የዚህ ሰው ጦር ነው። የት እንዳሰሩት ስትጠይቀው፣ እነግራችሁና ሄዳችሁ ልጆቼን ትፈጃላችሁ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጆቼ የሚለው ወታደሮቹን ነው። እዚያ እስር ቤት የሠራሁት ኃጢአት አለ፣ እሱን ለካህን ካልሆነ አልናገርም አለ።

አባ ገቡ፤ ጠመንጃቸውን ጥቁር ሰሌዳው ሥር አስደገፉ። የታገደ ካህን እንኳ ሊሞት የደረሰን ሰው ማናዘዝ እንደሚፈቀድለት ነገሯት።

"እሰይ" አለች። "ከዚያ የወንድሜን ነገር ይነግሩኛል።"

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። በኑዛዜ የሰሙትን ለማንም እንደማያወጡ ገባት።

እንግዲያው መጀመሪያ እንደ አዛዥ ይጠይቁት አለቻቸው። ጠይቀውት ኖሯል፤ ለአዛዥ አልናገርም ብሏቸዋል። ካልተናገርክ ከኃጢአትህ አልፈታህም ይበሉት አለች። እሱን አልልም አሉ። ራሱ እንዲነግራት ይለምኑታል፤ እምቢ ካለ ግን የሰሙትን ይዘው ይቀበራሉ።

"ሰው ገድለዋል አባ። ድልድይ ከነሰዉ አፍርሰዋል። ዛሬ ይቺ ከበደችዎት?"

"ያ የኔ ዕዳ ነው፣ እጠየቅበታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ ግን የሱ ነው፣ ልጄ።"

ከመስኮቱ ውጭ ሳል ተሰማ። ምክትላቸው ከነጭፍሮቹ ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል፤ ወንድሟ የሁሉም ጓደኛ ነበር። አባ ቢያባርሯቸው ዞረው እንደሚመለሱ ያውቃሉ።

"እህቱ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ከከለከልሻቸው ግን የሚከራከርሽ የለም" አሏት።

ሃምሳ አለቃው ከንፈሩን ላሰ። ጥጥ ነክራ አራሰችለት፤ ልማድ ሆኖባት እንጂ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። አባ ከደረት ኪሳቸው ሲያናዝዙ አንገታቸው ላይ የሚያጠልቁትን የተጣጠፈ ጨርቅ አውጥተው፣ ሳያጠልቁት እሷን እያዩ ይጠብቃሉ።

"እሺ" አለች።

መስኮቶቹን ዘግታ ወጣች። ምክትሉ ወንድምሽ እኮ ነው ሲላት፣ አውቃለሁ፣ ራቅ በል አለችው። ሁሉንም እስከ ግቢው ቧንቧ ድረስ ነዳቻቸው። ፊቷን ወደ እነሱ፣ ጀርባዋን ወደ ክፍሉ አድርጋ ቆመች። የአባ ድምፅ በስሱ ደረሳት። ከክፍሉ ጥቂት እርምጃ ደግሞ ራቀች።