የካልሁን ጠበቃ

«ተነሥ እንጂ አንተ! መምህሩ ሁለቴ ጠራህ እኮ» አለችና ሳሌም በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

ዕንባቆም ወረቀቱን ይዞ ተነሣ።

«እንዲህ ሲያልብህ ካልሁን ቢያይህ፣ አዝኖ ባሪያዎቹን ሁሉ ይለቃቸው ነበር።»

«ተይኝ በናትሽ።»

ስዊድን ውስጥ ሁዲንጌ በምትባል ከተማ ባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት መማር ከጀመረ ወዲህ በክፍሉ ፊት ሁለት ጊዜ ቆሞ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ተቀምጧል። ስዊድንኛ ሲጽፍ አንድ ፊደል አይስትም፤ ሲናገር ግን ምላሱ ይታሰራል። መምህሩ ቶሚ ደግ ሰው ነው። ቢሆንም ባለፈው ሳምንት እቅጩን ነግሮታል፤ ዛሬ ካልተናገረ ኮርሱን አያልፍም። ኮርሱን ካላለፈ ደግሞ በነርስ ረዳትነት ትምህርት የተያዘለት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ፈተናው ክርክር ነው፤ ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ የነበረው ባርነት። ሁሉም በዕጣ የደረሰውን ሰው ሆኖ፣ «እኔ» እያለ ይናገራል። ሊንከን የደረሰው ሶሪያዊ ከጥቁር ሱፍ ጢም ሠርቶ መጥቷል። ለሳሌም የወጣላት ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ ከባርነት አምልጦ በአንደበቱ አገር ያነቃነቀው። ለዕንባቆም ጆን ካልሁን ደረሰው። በአሜሪካ ሴኔት ቆሞ፣ ባርነት ክፉ አይደለም፣ በጎ ነገር ነው ብሎ የተከራከረው ሰው። ያን ዕለት ቶሚ ዕጣውን አይቶ ፊቱ ቀላና «ልቀይርልህ?» አለው። መቀየሩም ማውራት ይጠይቅ ስለነበር ዕንባቆም ራሱን ነቅንቆ እንቢ አለ።

አሁን ሰሌዳው ሥር ቆሟል።

«የተከበራችሁ ሴናተሮች...» ብሎ ጀመረ። ቀጣዩ ቃል አልመጣለትም። የማሞቂያው ቱቦ ብቻ ያንሾካሹካል። ቶሚ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ፤ ላለማሳፈር ብሎ ነው። ያ ደግሞ ባሰ።

ወረቀቱን አየ። በራሱ እጅ የጻፈው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ ባሪያ ሲታመምና ሲያረጅ ጌታው አይጥለውም።

ይህን ነገር የሆነ ቦታ ሰምቶታል። ከመጽሐፍ አይደለም። አገር ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ለእንግዳ ሲነገር። ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ብርቅአየሁ ናቸው የሚሉት፤ ድምፃቸው ሳይቀር ጆሮው ላይ መጣ። ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ቤት ያለችው ልጄ ናት እንጂ ሠራተኛዬ አይደለችም» አለ።

ስዊድንኛው ፈሰሰለት። «ከልጆቼ ለይቼ አላያትም። እኛ ከበላነው ትበላለች፣ ብትታመም የማሳክማት እኔ ነኝ።» እጁ ሳያስበው ትከሻው ላይ የሌለ ነጠላ አስተካከለ።

«ይከፈላታል?» አለ ሊንከን ጢሙን በእጁ ደግፎ።

«ምን ያደርግላታል? የጎደለባት ነገር የለም።»

«እንግዲያው ለምን አትለቃትም?»

«ወጥታ የት ትደርሳለች? ከተማው ይበላታል! እኔ ባላነሣት ሜዳ ላይ ነበር የምትቀረው። ካላመናችሁ ሸዋሉልን ራሷን ጠይቋት!»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሸዋሉል የምትባል ሴት በካልሁን አገር በደቡብ ካሮላይና ውስጥ ትኑር አትኑር የጠየቀ የለም። ሊንከን «ይሄ ሰውዬ አደገኛ ነው» አለ። ቶሚ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየው። ዕንባቆም ማለፉን አወቀ፤ ደረቱ ውስጥ ታስሮ የኖረ ነገር ሲፈታ ተሰማው። ደስታውን ለማካፈል ሳሌምን ፈለገ።

ሳሌም አልሳቀችም።

ሳሌም ስዊድን ከመግባቷ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስለዚያ ጊዜ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባቡር ላይ፣ ድንገት። ማዳሟ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጄ ናት» ትል እንደነበር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዕንባቆም አሁን ነው ትዝ ያለው፤ ጆሮው ጋለ።

«ዳግላስ፣ ተራው ያንተ ነው» አለ ቶሚ ለሳሌም።

ሳሌም ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ መጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች። የተናገረችው በአማርኛ ነው።

«ይቺ ሸዋሉል በእውነት ያለች ሰው ናት?»

«አክስቴ ቤት ናት» አለ ዕንባቆም ቀስ ብሎ። «እሷ ናት ያዘለችኝ።»

«አሁንም አለች?»

«አለች።»

«ሸዋሉል ማን?»

ዕንባቆም ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሻዩን ለማብረድ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ስትገለብጥ ታየችው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው፣ ማታ ማታ ከኩሽናው ጀርባ የምትዘረጋው ፍራሽ፣ የተሰነጠቀ ተረከዟ፣ በመዳፏ ሸፍና የምትስቀው ሳቅ። የጎረቤቱን ሁሉ፣ የባለሱቁን፣ የዘበኛውን ሳይቀር ስም ከነአባቱ ያውቃል። ከሸዋሉል ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ፈለገ። እንደገና ፈለገ።

«በስዊድንኛ እባካችሁ፤ ሁላችንም እንስማ» አለ ቶሚ ፈገግ ብሎ፣ ብዕሩን እንደያዘ።

ሳሌም አልተረጎመችም። ቆማ ጠበቀችው።